በ55 ፓውንድ የገዛሁት አንበሳ (የቤተሰብ ስም ታሪክ ፍሬም ሪቪው)

እሺ ይሄን የምጽፈው ተናድጄ አይደለም፣ ንዴቱ አልፎልኛል። ግን እዚህ እንግሊዝ ያላችሁ ልጆች ለፈረንጅ ባልደረባ ወይ ለአማታችሁ ስጦታ ስትፈልጉ እንደኔ እንዳትሸወዱ ብዬ ነው። ደሞ በዚሁ ሰበብ ያገኘሁት ነገር ከፍሬሙ በብዙ ስለሚበልጥ እሱንም ልንገራችሁ፣ እሱ በነፃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ኖቲንግሃም ባስ ነው የምነዳው። ጋራዣችን ውስጥ ስንት ዘመን የሠራ መካኒክ ጡረታ ሊወጣ ሆነና ብር አዋጣን፣ ስጦታውን ማን ይግዛ ሲባል ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። የሰውየው የቤተሰብ ስም አተንቦሮ ነው። አዎ፣ እንደ ዴቪድ አተንቦሮ፣ ያ የእንስሳት ፊልም ላይ ጎሪላው እንዳይሰማው ቀስ ብሎ የሚያወራው ሽማግሌ። መካኒካችንን ዕድሜውን ሙሉ ሰው ባገኘው ቁጥር "ዘመድህ ነው?" ይለዋል፣ እሱም "አይደለም ዳክ፣ ቢሆን ኖሮ እዚህ ዘይት ውስጥ ምን እሠራለሁ" ብሎ ይመልሳል። (ዳክ ያው ዳክዬ ነው። ኖቲንግሃም ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ዳክ ነው የሚለው፣ መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን እየሰደቡኝ ነበር የሚመስለኝ።)

እና እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ለዚህ ሰው የስሙን ታሪክ ብሰጠውስ አልኩ። አንድ የቱሪስት ከተማ ውስጥ ሱቅ አለ፣ ስሙን አልጠቅስም፣ እንደሱ ዓይነት ብዙ አለ። ግድግዳው በሙሉ ጋሻ፣ ሰይፍ፣ አንበሳ ነው። ስም ትነግራቸዋለህ፣ ኮምፒውተር ላይ ይመታሉ፣ ትንሽ ጠብቅ ይሉሃል፣ ቡናህን ጠጥተህ ስትመለስ የ900 ዓመት ታሪክ በፍሬም ተደርጎ ይጠብቅሃል። 55 ፓውንድ። ሲሰጡኝ በሁለት እጄ ነው የተቀበልኩት፣ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ዕቃውን እንይ። ፍሬሙ ከሩቅ እንጨት ነው፣ ስታነሳው ግን እንደ እንቁላል ካርቶን ነው የሚቀለው። ወረቀቱ ብራና እንዲመስል ዳር ዳሩን ቡናማ አድርገው ፕሪንት አድርገውታል፣ የተቃጠለ እንዲመስል ጥግ ላይ ጥቁር ነገር አለ፣ እሱም ፕሪንት ነው። እኔ አጎቴ ቄስ ናቸው፣ ልጅ ሆኜ ብራና ነክቻለሁ፣ ብራና ጠጉሩ የነበረበት ጎንና ሥጋው የነበረበት ጎን በጣት ይለያል። የዚህኛው ሁለቱም ጎን ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። መሃል ላይ ጋሻ፣ ጋሻው ላይ በኋላ እግሩ የቆመ ወርቃማ አንበሳ፣ ከሥሩ በላቲን አንድ መፈክር።

ጽሑፉ ደሞ ስሙ በገባበት ቦታ ሁሉ ክፍተቱ ሰፋ ይላል። አተንቦሮ ረጅም ስም ስለሆነ አንዱ መስመር ላይ ጭራሽ ፊደሎቹ ተጨናንቀው ተደራርበዋል። ማለት ስሙ የተሰካበት ቀዳዳ ይታያል። ምን ይላል መሰላችሁ፣ ይሄ ጥንታዊና የተከበረ ቤተሰብ በ1066 ከድል አድራጊው ዊሊያም ጋር ባሕር ተሻግሮ መጣ፣ በጀግንነቱ መሬት ተሰጠው፣ በንጉሡ ፊት ሞገስ አገኘ። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከዊሊያም ጋር ከመጣ መርከቡ እንዴት እንዳልሰጠመ እንጃ።

የስጦታው ቀን ካንቲን ውስጥ ኬክ ተቆረጠ፣ ሰውየው መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። "የተከበረው የሃሪሰን ቤተሰብ" ይላል። ሃሪሰን! የሌላ ሰው ስም ሳይቀየር ቀርቶ! ካንቲኑ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ቆምኩ። እሱ ግን ጨዋ ሰው ነው፣ "አያቴ ከሰል ቆፋሪ ነበር፣ አንበሳውን ቤት ውስጥ አይቼው አላውቅም" አለና "ሃው ላቭሊ" ብሎ አቀፈኝ። ፈረንጅ "ሃው ላቭሊ" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እዚህ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሱቁ ደወልኩ። ልጅቷ "ሰር፣ ከፍሬሙ ጀርባ አንብበውታል?" አለችኝ። አዙሬ ሳይ በጉንዳን ፊደል "ለጌጥ ብቻ" ይላል። ብር አልመለሱም፣ ሌላ ፕሪንት እንላክልህ አሉኝ፣ ተውት አልኩ።

እልህ ያዘኝና ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያወቅኩት ነገር ሱቁ የሚሸጠው ነገር ከመሠረቱ እንደሌለ ነው። ለንደን ውስጥ ኮሌጅ ኦፍ አርምስ የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፣ በ1484 በንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ የተቋቋመ፣ እዚህ አገር አርማ ለማን እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። እና በግልጽ ነው የሚናገሩት፣ ለቤተሰብ ስም የሚሰጥ አርማ የሚባል ነገር የለም። አርማ ለአንድ ሰው ይሰጣል፣ ከዛ በቀጥታ በወንድ መስመር ለተወለዱት ይወርዳል፣ አለቀ። ስምህ ስለገጠመ የእገሌን አንበሳ ግድግዳህ ላይ መስቀል ማለት እኛ ጋ ስሙ ካሣ የሆነ ሁሉ የአፄ ቴዎድሮስን ማኅተም ይጠቀም እንደማለት ነው።

ታዲያ እውነተኛው ታሪክ ምንድነው? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የጣመኝ። አተንቦሮ ማለት ቦታ ነው፣ ያውም ከኛ ጋራዥ ሩቅ ያልሆነ ቦታ! ከኖቲንግሃም ወደ ደርቢ በሚሄደው ባቡር መንገድ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። የስሟ መጨረሻ በድሮ እንግሊዝኛ ምሽግ ወይም የታጠረ ቦታ ማለት ነው፣ መጀመሪያው የአንድ ጥንታዊ ሰውዬ ስም፣ ባጭሩ "የእገሌ ምሽግ" ነው ነገሩ። የባላባት ጉዳይ አይደለም፣ አድራሻ ነው።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። በመንደሯ ስም የተጠራው ሰው መንደሯ ውስጥ ሆኖ አይደለም እንደዛ የተባለው፣ ከመንደሯ ወጥቶ ነው። አዲስ አበባ ላይ ነው እንጂ መንዝ ውስጥ ማን ማንን "መንዜው" ይላል? እንደዛ ነው፣ አንዱ ገበሬ ወይ አናጢ ከአተንቦሮ ተነስቶ ጎረቤት መንደር ሄደ፣ እዛ ያሉት "ያ የአተንቦሮው" አሉት፣ ጸሐፊው ለግብር መዘገበው፣ ልጁም የልጅ ልጁም በዛው ቀረ። እንግሊዝ ውስጥ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይቀየር መውረድ ከኖርማኖች (የዛ የዊሊያም ሰዎች) በኋላ ቀስ በቀስ ነው የተስፋፋው፣ እስከ 1400 አካባቢ አብዛኛው ሰው የተያዘ ስም ነበረው። መሃል ላይ 1348 ጥቁሩ ሞት የሚባለው ወረርሽኝ መጥቶ ስንቱን ቤት ከነስሙ ዘጋው። ከዛ የተረፈ ስም ደሞ ሴት ልጅ ብቻ የወለደ ዕለት ያልቃል። ብርቅ ስም ብርቅ የሆነው በዚ ነው፣ አንድ ቦታ፣ ምናልባት አንድ ሰው፣ ትንሽ ዕድል።

ወደ ሪቪው ልመለስ፣ የነፃዎቹን።

አንደኛ ዩሲኤል የሚባለው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፈሮች የሠሩት የስም ካርታ። ስም ትጽፋለህ፣ በ1881 የሕዝብ ቆጠራ ያ ስም የት የት እንደነበረ በቀለም ያሳይሃል፣ ከዛ አጠገቡ በቅርብ ዘመን የት እንዳለ። ስሚዝ ብዬ ስጽፍ አገሩ በሙሉ ቀላ፣ ምክንያቱም ስሚዝ ቀጥቃጭ ነው፣ ቀጥቃጭ የሌለበት መንደር የለም። አተንቦሮ ስል ግን መሃል አገር ላይ ኖቲንግሃምሻየርና ዙሪያዋ ደማቅ፣ ሌላው ባዶ ባዶ። በባዶ ሜዳ ላይ አንድ ቦታ እሳት እንደተለኮሰ ነው የሚመስለው። ካርታውን ሳይ ሌሊት 7 ሰዓት ነበር፣ ባለቤቴ "አንተ ደሞ የፈረንጅ ዘር ቆጠራ ምን አገባህ፣ ነገ ማለዳ ሺፍት አለህ" ብላ መብራት አጠፋችብኝ።

የገረመኝ ለንደን ውስጥም አተንቦሮዎች አሉ። ለምን? በቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ውስጥ ዕቃ በመያዣ ይዘው ብር የሚያበድሩ፣ እኛ ድሮ ወለድ አገድ እንደምንለው፣ አተንቦሮዎች ነበሩ፣ ስማቸው የታወቀ ነበር፣ ሰው ሰዓቱን እነሱ ጋ ያስይዛል። ማለት ካርታው ነጥቡን ያሳይሃል እንጂ ሰውየው ለምን እንደሄደ አይነግርህም፣ እሱን ራስህ መቆፈር ነው። ለካርታው ከ5 4 እሰጣለሁ። አንዷን የቀነስኩት አንድ ፊደል ከሳትክ ጸጥ ስለሚል ነው።

ፊደል ካልን አይቀር፣ ይሄ ስም መጨረሻው ላይ ሰባት ፊደል ደርድረው ሲጠሩት "ብራ" ብለው ነው የሚያልፉት። እኛ እንዳነበብነው "አተንቦሮ" እንላለን፣ መካኒካችን ራሱ ሲለው "አተንብራ" ነው የሚመስለው። የድሮ ጸሐፊ ደሞ የሰማውን ነው የሚጽፈው፣ ሰውየው ራሱ ማንበብ ላይችል ይችላል፣ ስለዚህ አተንባሮ፣ አተንበሮ ምናምን እየተባለ ተበታትኗል። አንዱ ወንድም በአንዱ አጻጻፍ ሌላው በሌላው ተመዝግቦ፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ ልጆቻቸው የተለያየ ስም አለን ብለው ይኖራሉ።

ሁለተኛው ፍሪ ቢኤምዲ የሚባለው ድረ ገጽ ነው፣ ከ5 5፣ ያለ ክርክር። ከሐምሌ 1837 ጀምሮ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የተወለደ፣ ያገባ፣ የሞተ ሁሉ በመንግሥት ይመዘገባል፣ የዛን ማውጫ ከ1998 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ቁጭ ብለው በእጃቸው ገልብጠው በነፃ ለቀቁት። መልኩ አስቀያሚ ነው፣ የኛን የድሮ ኢንተርኔት ካፌ ዘመን ነው የሚያስታውሰኝ፣ ግን ይሠራል። ስም ላይ ኮከብ ምልክት ታደርጋለህ፣ አጻጻፉ የተለያየውን ሁሉ ጠርጎ ያመጣልሃል። ሁለት ምክር፣ አንድ፣ የምዝገባ ወረዳው ከክፍለ ሀገሩ ጋር አይገጥምም፣ ኖቲንግሃምሻየር የተወለደው ልጅ በጎረቤቱ ወረዳ ስም ሊመጣብህ ይችላል፣ አትደንግጥ። ሁለት፣ ከ1911 አጋማሽ ወዲህ ባለው የልደት ማውጫ ላይ የእናቲቱ የአባቷ ቤት ስም አለ፣ እሱን ካገኘህ ሥራህ ግማሽ አለቀ። ከ1837 በፊት ከፈለግክ የቤተክርስቲያን መዝገብ ነው፣ እሱ በ1538 ነው የተጀመረው። የ1931 ቆጠራ አትልፋ፣ በ1942 ተቃጥሏል።

በዚ መንገድ የመካኒኩን ዘር በሦስት ማታ እስከ አያቱ አያት ድረስ ወጣሁ። እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር አፋችን ላይ ነው፣ አያቴ እሳት ዳር ቁጭ ብለው ያስጠኑን ነበር፣ እነሱ ደሞ መዝገብ ላይ ነው ያላቸው፣ ሰውየው የአያቱን አባት ስም አያውቅም ነበር እኮ! እኔ፣ የጋይንት ልጅ፣ ለኖቲንግሃም ሰው አባቶቹን ቆጠርኩለት። ሁሉም በዚሁ ዙሪያ ነው ያሉት፣ የራቀው የራቀ የባስ አንድ መስመር አይሞላም።

አሁን ወደ ዲኤንኤው። የወንድ ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ነው የሚሄደው፣ ልክ እንደ እንግሊዝ የቤተሰብ ስም። ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ቱሪ ኪንግ እና ማርክ ጆብሊንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይሄን ይዘው በ2009 40 የእንግሊዝ ስሞችን 1,678 ወንዶች ላይ አጠኑ። ስሙ ብርቅ በሆነ ቁጥር ሰዎቹ በእውነት የአንድ አባት ልጆች የመሆን ዕድላቸው ይጨምራል። ሁለት ስሚዞች ባቡር ላይ ቢገናኙ እንደማንኛውም መንገደኛ ናቸው። አተንቦሮዎች ግን ከ70 በመቶ በላይ ተመሳሳይ ወይም ሊመሳሰል የቀረበ ዋይ ክሮሞዞም ነው ያላቸው!

ገባችሁ? ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ "ዘመዴ አይደለም" ሲል የኖረው ሳይሳሳት አይቀርም። የዴቪድ አባት ፍሬዴሪክ አተንቦሮ የተወለደው ስቴፕልፎርድ ነው፣ ከአተንቦሮ መንደር አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ። በመቶዎች ዓመታት ስሙ ያን ያህል ነው የተጓዘው። እሱ ነው በኋላ ሌስተር የዩኒቨርሲቲው ኮሌጅ ኃላፊ ሆኖ ዴቪድንና ያንን የፊልም ዳይሬክተሩን ሪቻርድን እዛ ያሳደጋቸው። ይሄን ሁሉ ለመካኒኩ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና "ታዲያ ሰርጌ ላይ ለምን አልመጣም?" አለ።

ግን ዲኤንኤ ኪት ግዙ እያልኩ አይደለም። ገና ለገና በማስታወቂያ ያያችሁትን ምራቅ መትፊያ ሳጥን ገዝታችሁ የቤተሰብ ስም ጥያቄ አይመለስም፣ ለዚህ የሚያስፈልገው የዋይ ምርመራ ነው፣ እሱ ሌላ ነው፣ ውድ ነው። ደሞ ያልፈለጋችሁትን ሊያወጣ ይችላል። ያው ሪቻርድ 3ኛ፣ በ2012 ሌስተር መኪና ማቆሚያ ሥር አፅሙ ሲገኝ፣ በእናት መስመር ገጠመ፣ በአባት መስመር ግን ዘመዶቹ ናቸው ከተባሉት ጋር አልገጠመም፣ መሃል ላይ የሆነ ዘመን አንዷ ወይዘሮ ጉድ ሠርታለች። ንጉሥ ቤት እንዲህ ከሆነ እኛስ ብላችሁ ተዉት።

እነዚሁ ሰዎች በ2007 ያወጡት ሌላ ጥናት አለ፣ እሱን ሳነብ ባስ ማቆሚያ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቴ ደገምኩት። ዮርክሻየር ውስጥ አንድ ብርቅ ስም አለ፣ ነጭ እንግሊዞች ናቸው፣ ዋይ ክሮሞዞማቸው ግን ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ያንን ስም የያዙ 18 ወንዶች ሲመረመሩ 7ቱ ላይ ተገኘ፣ ዘራቸው ሲቆጠር ዮርክሻየር ውስጥ 18ኛው ክፍለ ዘመን ይደርሳል። ማለት ከዛ በፊት አንድ አፍሪካዊ እዛ ነበረ፣ በሮማውያን ወታደርነት ይምጣ በባሪያ ንግድ ዘመን። ሰውየውን ረስተውታል፣ መልኩ ጠፍቷል፣ ስሙ የፈረንጅ ነው፣ እሱ ግን እዛው አለ።

ከዛ ወደራሴ ነው የዞርኩት። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም እኮ፣ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። እዚህ ስመጣ ፎርም የሞላልኝ ሰው የአያቴን ስም ወንድምኩንን ሰርኔም ብሎ ጻፈው፣ ልጆቼ እዚህ ተወለዱ፣ ወንድምኩን ተባሉ። ስዊድን ያለችው እህቴ ደሞ የአባቴን ስም ነው የያዘችው፣ ልጆቿ የኔ ልጆች ዘመድ መሆናቸውን መዝገብ አያውቅም። ያው አተንባሮና አተንቦሮ። አያቴ ጋይንት ተራራ ላይ ገብስ ሲያርሱ የኖሩ ሰው፣ ሳይጠየቁ ኖቲንግሃም ውስጥ የብርቅ ስም መሥራች ሆኑ። ለልጄ ስነግራት "ዳድ፣ እኛም አንበሳ አለን?" አለችኝ።

ባለፈው እሁድ ከመካኒኩ ጋር በባቡር አተንቦሮ ወረድን፣ ዕድሜውን ሙሉ ኖቲንግሃም ኖሮ ጣቢያው ላይ ወርዶ አያውቅም። ቤተክርስቲያኗ ቅድስት ማርያም ናት፣ አጠገቧ ሄንሪ አይርተን በ1611 የተወለደበት ቤት አለ፣ ያ ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ እንዲሰየፍ የፈረመው። ከኋላው ድሮ ጠጠር የተቆፈረባቸው ጉድጓዶች ውሃ ሞልተው ሐይቅ ሆነዋል፣ የወፍ መጠበቂያ ነው፣ በ1966 የከፈተው ማን መሰላችሁ፣ ራሱ ዴቪድ አተንቦሮ። ካፌ አለ፣ ሻዩ ደህና ነው፣ ዳክዬዎቹ ሳህን ላይ ሊወጡ ምንም አይቀራቸው። ሽማግሌው የጣቢያው ሰሌዳ ሥር ቆሞ ፎቶ አንሳኝ አለኝ፣ ሦስት አነሳሁት፣ አንዱ ላይ ዓይኑን ጨፍኗል፣ እሱን ነው የወደደው።

ፍሬሙ ከ5 1፣ አንዷም ለላቲኑ ነው። አልጣለውም ግን፣ ጓሮው ውስጥ ያለው ሼድ ላይ፣ ከመፍቻዎቹ በላይ ሰቅሎታል። አንበሳውን ሃሪሰን ብሎ ነው የሚጠራው።